ጃኬቴ የሄደበት ጉባኤ

እኔ ቀርቼ ጃኬቴ ሄዷል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በቅናት ዓይን የታየ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቀው ብዬ ነው። ያን ጊዜ "ቀንተሻል" ብትሉኝ በማርያም ምዬ እክድ ነበር። አሁን ዕድሜ ገፋ፤ መካድም ይደክማል።

ሥራችን ድረ ገጽ መሥራት ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ደሴ መንገድ ዳር፣ ከአንዲት የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ መጋዘን በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እኔና ጓደኛዬ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን እንሠራለን። ዘመኑ የመደራጀት ዘመን ነበር፤ ያልተደራጀ ሰው የታመመ ይመስል "ምን ሆነህ ነው?" ይባላል። ማህተም አስቀረጽን፣ ሰሌዳ ሰቀልን። ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና "ፎቶ ኮፒ አለ?" ይለናል። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጓደኛዬ ከወንበሯ ትነሣለች። እኔ ከማሽኔ ቀና አልልም። ክፍፍላችን ይኸው ነበር፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ። እሷ ባትናገር ኖሮ እኔ የምሠራው እንደማይኖር ያን ጊዜ ማንም ቢነግረኝ አልሰማም።

አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ከቀወት ገጠር ማሾና ማሽላ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች እኛ በር ሥር ቆመው በስልካቸው ዋጋ ለማየት ይታገላሉ። ኔትወርኩ የከበደ ገጽ አይከፍትም፤ አንድ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው አህያውን ነድቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለአከራያችን ለነጋዴዋ የሠራሁላቸው ገጽ መጀመሪያ ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ያመጣል፤ ፎቶው ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደረጃው ሥር ቆመው "ወጣልኝ!" ብለው እስኪጮሁ ድረስ ስሠራና ሳፈርስ ነው የከረምኩት። ከዚያ በኋላ ሆቴሎቹም "እንደ ማሾዋ ያለ ሥሩልን" እያሉ መጡ። ያ ነገር የእኔ ነው። ጓደኛዬ "ገጻችን" ስትል ጥርሴን እነክስ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ የድረ ገጽ ሠሪዎች ጉባኤ ሊደረግ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰን። ሁለት ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ። ከአገሩ ሁሉ በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይማማራሉ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ድርጅት ግን የሚይዙት ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ደብዳቤውን ቆማ ጮክ ብላ አነበበችና መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። እኛም ብንሆን ሁለታችንም ልንሄድ አንችልም፤ የአንድ ሆቴል ገጽ በዚያው ሰሞን መከፈት ነበረበት።

"አንቺ ሂጂ" አልኳት።

"ኧረ በሞቴ፣ አንቺ ሂጂ" አለች።

በር ላይ "ይግቡ፣ እርስዎ ይቅደሙ" እንደሚባባሉ ሰዎች ግማሽ ቀን ተገፋፋን። አንዳችንም ከልባችን አልነበረም። በመጨረሻ አከራያችን የኪራይ ጉዳይ ሊነጋገሩ ወጥተው ሲያዩን ሳቁብን።

"ምን ያጨቃጭቃችኋል? ቅርጫ እንኳ በእጣ ነው የሚከፈለው። እጣ ይጣል!" አሉ።

በእኛ አገር ሥጋ ሲከፈል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ነው የሚጥለው። አከራያችን እትዬም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ የእስክሪብቶ ክዳን ሰጠሁ። ጓደኛዬ ከምታኝከው ጥንቅሽ አንዲት አንጓ ሰብራ ሰጠች። ሁለቱን በባዶ ሣጥን ውስጥ ጣልናቸው። እትዬ ዞሩ፣ ሣጥኑን ቁልቁል አዩት፣ እጃቸውን ሰደዱና ጥንቅሹን አነሡ።

ጓደኛዬ እልል ልትል ቃጥቷት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቅሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ማን ነው ጥንቅሽ የሚወደው? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጓደኛዬ ከጥንቅሽ ጋር ነው የተወለደችው። እትዬ ሣጥኑን አይተው ነው ያነሡት፤ ስለዚህ አውቀው ነው ያነሡላት። ወሬኛ ሰው ሁልጊዜ ይወደዳል አልኩ። ይህን ሐሳብ እንደ ጥርስ ሕመም ይዤው ዋልኩ፤ ይዤው ከረምኩ።

ጓደኛዬ ለመሄድ ያደረገችው ዝግጅት ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። እኛ የምናውቀው ስብሰባ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ከመድረክ አቅጣጫ ይቀመጣል፣ ጽፈሽ ትመጫለሽ፣ ለቀረው ታካፍያለሽ። ስለዚህ የሚያደራጀን ጽሕፈት ቤት ሄዳ ባለ ክብ ማህተም የድጋፍ ደብዳቤ አጻፈች። ኃላፊው ስትመለሺ ልምዱን ለማኅበራቱ ሁሉ ታካፍያለሽ፣ አቅጣጫውን በደንብ ያዢ ብለው አስጠነቀቋት። እኔም ደብረ ብርሃን ስማር የለበስኩትን ቀይ ጃኬቴን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋት። የሮቢት ልጅ ጃኬት የላትም፤ ደብረ ሲናን ስታልፍ ብርዱ ይገድላታል። ጃኬቱን ስሰጣት ደግነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ የሆነ ነገር አብሯት እንዲሄድ ፈልጌ ይሆናል።

ቅዳሜ ዕለት ቬንቲሌተሩ ትኩስ አየር እየነፋብኝ የሆቴሉን ገጽ እሠራለሁ። በየመሐሉ ስልኬን አነሣለሁ፤ አዘጋጆቹ የጉባኤውን ፎቶ በየሰዓቱ ይለጥፉ ነበር። ጃኬቴ በሁሉም ላይ አለ። ጃኬቴ ሳንድዊች ይዟል። ጃኬቴ ከአንድ ባለ መነጽር ሰው ጋር ይስቃል። ጃኬቴ መሐል ቆሟል፣ አራት ሰው ከቦት አፍ አፉን ያያል። ከዚያ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለችውን ጓደኛዬን አጉልቼ አየኋት፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ዓይኔ ደም ለበሰ።

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ደወለች። ቃላቱ እየተደራረቡባት ነበር።

"አንቺ፣ እዚህ እኮ ሌላ ነው! ከመድረክ የሚናገር ብቻ አይደለም። ሁለት ግድግዳ አለ፤ አንዱ 'አውቃለሁ' ይላል፣ አንዱ 'አላውቅም' ይላል። የማታውቂውን ጽፈሽ ትለጥፊያለሽ፤ የሚያውቅ ሥሩ መልስ ይጽፋል፤ እሱም የማያውቅ ከሆነ 'እኔም' ብሎ ይጽፋል። እኔ 'አውቃለሁ' ላይ ስለ ገጻችን ለጠፍኩ፤ ኔትወርክ በደከመበት አገር እንዴት እንደሚከፈት። ሰዉ ከበበኝ! የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ትልልቅ ድርጅት ያላቸው!"

"ገጻችን" አልኩ።

"አዎ፣ ገጻችን። ምን አልሽ?"

"ምንም። ይቆራረጣል።"

አይቆራረጥም ነበር፤ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። ስልኩን ዘጋሁና የራሳችንን ድርጅት ገጽ ከፈትኩ። "ስለ እኛ" የሚለው ቦታ ላይ የሁለታችን ፎቶ ጎን ለጎን አለ፣ ሥሩ "መሥራቾች" ይላል። የሷን ፎቶ አወጣሁ። "መሥራቾች" የሚለውን "መሥራች" አደረግሁት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እንኳ ነበረኝ፤ ፎቶዋ ይከብዳል አልኩ፤ ገጹ እንዲቀል ነው አልኩ። ነገ እመልሰዋለሁ። ማን ያየዋል? ከዚያ የማላውቀው ቀላል ስሜት መጣልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው የእኔ መሆኑ የሆነ ቦታ ተጻፈ። እራቴን ጥሩ አድርጌ በላሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መብራት የለም። ከተማው ሁሉ ጠፍቷል። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነው፤ ሳይሰካ አይሠራም፤ ፎቶዋ ደግሞ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ይሁን፣ ከሰዓት ሲመጣ እመልሰዋለሁ ብዬ ወንበር በረንዳው ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አንቺ፣ መድረክ ሰጡኝ!" አለች ጓደኛዬ።  "አምስት ሰዓት ላይ፣ አምስት ደቂቃ። የግድግዳውን ወረቀት አይተው ነው። የማሾውን ገጽ አሳያለሁ፣ ከዚያ የእኛን። ሁሉም ደህና ነው አይደል? ይከፈታል አይደል? አደራ!"

"ይከፈታል" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ደውዬ "የእኛን ገጽ አትክፈቺው" ማለት እችል ነበር። ግን "ለምን?" ብትለኝስ? ላፕቶፔንና በዩኤስቢ የሚሰካውን ኢንተርኔት ታቅፌ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው ይላሉ፤ ለእኔ የተባለ ነው። እትዬ ከመጋዘኑ በር "ምን ሆንሽ ልጄ፣ ሰው ታመመ?" አሉ።  ባጃጅ ይዤ ጄኔሬተር ያለው የመጀመሪያ ሆቴል ደረስኩ፤ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ገጻቸውን የምንሠራላቸው ሆቴል ነው። ጄኔሬተራቸውን የሚያስነሡት ለምሳ ብቻ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋን "አሁን ካልተነሣ ድረ ገጻችሁ ይጠፋል!" አልኳት። ይህ ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ አላስተባበልኩም። ልጅቷ ደንግጣ ዘበኛውን ጠራች፤ ዘበኛው ናፍጣ ፍለጋ ሄደ።

ጄኔሬተሩ ሲነሣ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ኢንተርኔቱን ሰካሁ። ያን ጊዜ ነው የራሴን ሥራ የታዘብኩት። ለገበሬው ያቀለልኩት የፊቱን ገጽ ነው፤ እኔ የምገባበትን የኋላውን በር ግን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም፤ ድንጋይ ነው። ክቡ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ይሽከረከራል። የይለፍ ቃሌን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ላቤ የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ፎቶዋን ለመመለስ ጫንኩት፤ ፎቶዋ እውነትም ከባድ ነበር። መስመሩ እየተንፏቀቀ ሲሞላ በዚያች ሰዓት ጓደኛዬ የት ላይ እንዳለች አስባለሁ፤ ወደ መድረኩ እየወጣች ነው፤ አሁን የማሾውን ገጽ ከፈተች፤ አሁን የእኛን። ፎቶው ገብቶ "መሥራቾች" ብዬ ሳስተካክል አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት አውቶቡስ መጣች። የጨርቅ ቦርሳ፣ አንድ ሰፊ ካናቴራ፣ አንድ እፍኝ የአድራሻ ካርድና ዳር እስከ ዳር የተጻፈበት ደብተር ይዛለች። ካናቴራውን ለእኔ ሰጠችኝ። "ጃኬትሽ አዳነኝ፤ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር" አለችኝ። አቅፋ ሳመችኝ።

"ማሳየቱስ? እንዴት ሆነ?" አልኩ።

"ጥሩ ነበር። ተከፈተ" አለችና ቦርሳዋን ልትፈታ ጎንበስ አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። አላየችውም ብዬ ተነፈስኩ። ገጹ ትልቅ ነው፤ "ስለ እኛ" ድረስ አልወረደችም ይሆናል። ፍርሃቴ እንደለቀቀኝ ግን ቅናቴ ተመለሰ፤ አርፎ የመጣ ነበርና በርትቶ ነው የመጣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓደኛዬ ወሬ ሁሉ በ"እዚያ" ይጀምር ነበር። እዚያ እንዲህ ነው፣ እዚያ እንዲህ ይላሉ። ለምሳሌ ገጽ ከጀመርንላቸው በኋላ ፎቶና ጽሑፍ ሳይሰጡን ወራት የሚያስቆጥሩን ደንበኞች ነበሩን። እኛ ይህ የሮቢት ሰው ጠባይ ይመስለን ነበር። "አይደለም" አለች፣ "እዚያ 'አላውቅም' ላይ አንዱ ይህንኑ ጽፎ ለጥፎት ነበር፤ ሥሩ ግማሹ ሰው 'እኔም' ብሎ ጽፏል። መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ማን እንደሚያመጣ፣ እስከ መቼ እንደሚያመጣ አስቀድሞ መጻፍ።" እኔ የሮቢት ሰው በወረቀት አይታሰርም ብዬ ተከራከርኩ። በአዲሱ ውል የፈረመው የመጀመሪያ ባለ ሆቴል ፎቶውን በሳምንቱ ይዞ ከች አለ። ደንበኛ ስለተገኘ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰውየው ለምን አልዘገየም ብዬ ተናደድኩ።

አንድ የስልክ ቡድንም ይዛ መጥታለች። እዚያ የተገናኙት ሁሉ ያሉበት ነው። ሰርቨር ሲያስቸግር ቀድሞ ሦስት ቀን ብቻዬን ስታገል የምከርምበትን ነገር እሷ ሁለት መስመር ጽፋ ትጠይቃለች፤ ሽንኩርት ልጣ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል። መልሱን ለእኔ ታነብልኛለች። እኔ "እሱንማ አውቀዋለሁ" እላለሁ። አላውቀውም።

ልምድ የማካፈሉም ቀን ደረሰ። ብሎኬት የሚያመርቱት፣ ልብስ የሚሰፉት፣ ንብ የሚያነቡት ማኅበራት ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ጓደኛዬ ስለ ሁለቱ ግድግዳዎች ተናገረች። ሰው የማያውቀውን በአደባባይ ለጥፎ አያፍርም አለች። ኃላፊው ደብተራቸውን ዘርግተው ጠበቁ፣ ጠበቁና "እሺ፣ አቅጣጫው ምንድን ነው?" አሉ።

"አቅጣጫ አልተቀመጠም" አለች።

"አልተቀመጠም?" እስክሪብቷቸው አየር ላይ ቀረ። "ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስታደርጉ ነበር?"

"ስንጠያየቅ።"

አዳራሹ ሳቀ። "የድጋፍ ደብዳቤውንስ ማን ተቀበለሽ?" አሉ። ማንም የሚቀበል ስላልነበረ በር ላይ ያለችው ልጅ አንብባ፣ ማህተሙ አምሯት፣ "አውቃለሁ" የሚለው ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ማህተማችን አዲስ አበባ ተሰቀለ ማለት ነው አሉ። ጭብጨባው ለሷ ሆነ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ በሁለት ጣት አጨበጨብኩ።

ማሾ በሚሰበሰብበት ወራት አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ከእትዬ ጋር ተቀምጠን በልቤ ይዤው የከረምኩት ነገር ከአፌ አመለጠ።

"እትዬ፣ እጣውን አውቀው ነው አይደል ያነሡላት? ጥንቅሹን?"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳቃቸው ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጠው አየሁ።

"አውቄ ነው" አሉ። "ሚካኤል ይይልኝ፣ አውቄ ነው ያነሣሁት። ያንቺ መስሎኝ እኮ ነው! እጣው በተጣለበት ቀን ዋዜማ ማታ ጥንቅሽ ታቅፈሽ ስትገቢ አይቼሻለሁ። እስክሪብቶ ይዛ ሁልጊዜ የምትጽፍ ደግሞ እሷ ናት። አንቺን አዝኜልሽ ነዋ፤ እዚያ ማሽን ላይ እንደ ተቀጣ ሰው ጎንበስ ብለሽ ትውያለሽ። ትውጣ፣ ሰው ትይ ብዬ።"

ጥንቅሹን ከገበያ የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ለሷ ነው የገዛሁት፤ ስለምትወድ። ስንት ወር ሙሉ ተበደልኩ ብዬ ያብሰለሰልኩት እጣ እውነትም የተዛባ ነበር፤ የተዛባው ግን ለእኔ ታዝኖ ነው። ከትከሻዬ የሚወርድልኝ ሸክም ቢመስለኝም አልወረደልኝም፤ ይልቁንም ቂም የምይዝበት ሰው አጣሁ።

ከዚህ ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለ መነጽር ሰው ደረጃችንን ወጣ። ፎቶ ኮፒ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ "ባለ ማህተም ደብዳቤ ያመጣችው ልጅ እዚህ ናት?" አለ። ከጃኬቴ ጋር ሲስቅ ያየሁት ሰው ነው። አዲስ አበባ ድርጅት አለው፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ ለምሳ ሮቢት ወርዶ ነው። ጓደኛዬ ደንበኛ ጋ ሄዳ ስለነበር ወንበር ሰጠሁት። ተቀምጦ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ።

"አንቺን አውቅሻለሁ" አለ። "ትልቁ ስክሪን ላይ ያየሁሽ ነሽ። ብቻሽን ነበርሽ።"

ዓይኔን ወደ ማሽኔ መለስኩ፤ እሱ ግን ቀጠለ።

"ጓደኛሽ መድረክ ላይ ሆና ገጻችሁን ስትከፍት 'ስለ እኛ' ላይ ያንቺ ፎቶ ብቻ ወጣ። ሥሩ 'መሥራች' ይላል። እሷ ዘወር ብላ ስክሪኑን አየችው፤ ትንሽ ዝም አለች። እኛ ኔትወርክ የጠፋባት መሰለን። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? 'ይቺ ናት የሠራችው። እኔ እጣ ወጥቶልኝ ነው የመጣሁት፤ ጃኬቱም የሷ ነው።' አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ጭብጨባ ለጃኬቱ ነው ያጨበጨብነው ማለት ይቻላል። ላንቺ መሆኑ ነው እንግዲህ።"

የመጣው ሥራ ይዞ ነበር። የአንድ ደንበኛቸውን ገጽ ገጠር ላይ እንዲከፈት እንዳቀልላቸው ፈልጎ። ሲናገር እሺ እሺ እላለሁ፤ ምን እንዳለ ግን ኋላ በስልክ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሲወጣ እስከ ደረጃው ጫፍ እንኳ አልሸኘሁትም።

ጓደኛዬ ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተናገርኩ።

"ፎቶሽን አውጥቼው ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች። "ከመድረክ እንደ ወረድኩ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ" አለች። "ቦርሳዬን ይዤ ልወጣና ሁለተኛ ላላናግርሽ ነበር። ከዚያ ስልኬ ላይ ደግሜ ከፈትኩት። መጀመሪያ ስልክ ቁጥራችን መጣ። ቆይቶ ያንቺ ፎቶ። ከዚያ በጣም ቆይቶ የእኔ መጣ። ሮቢት መብራት እንደሌለ እኅቴ ጠዋት ነግራኛለች። በምን መለሰችው ብዬ አሰብኩ፤ እየሮጥሽ እንደነበር ገባኝ።"

ይቅር በይኝ አልኳት። እሺ አለች። ቀጥላም "ግን ፎቶዬ እውነትም ይከብዳል፤ አቅልዪው" አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ።

እዚህ ላይ ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ያን ዕለት ደግሞ በአዲስ ነገር ቀናሁባት፤ በዝምታዋ። እኔ ብሆን ከመድረኩ ሳልወርድ እደውል ነበር፤ ከተማው እስኪሰማ እጮህ ነበር። እሷ ግን ወር ከወር ይዛው አብራኝ ጥንቅሽ ታኝክ ነበር።

በዓመቱ ደብዳቤው እንደገና መጣ፤ አሁንም ለአንድ ሰው። "አንቺ ሂጂ" አለች። በዚህኛው ከልቧ እንደሆነ ያወቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ስላለችው ነው። ጃኬቴን ከምስማሩ አወረድኩ፤ ጣርማ በርን ስናልፍ እስከ አገጬ ቆለፍኩት።

ጉባኤው እሷ እንዳለችው ነበር። ሁለቱ ግድግዳዎች አሉ። "አውቃለሁ" የሚለው ጋ ቆሜ ስለ ገጾቼ ልጽፍ ወረቀት አነሣሁ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሄድኩና ስሜን ሳልጽፍ "አብራ በምትሠራ ጓደኛ መቅናት እንዴት ይተዋል?" ብዬ ለጠፍኩ። ለጥፌም እንዳልታይ በሩጫ ራቅሁ።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ አየሁት። መልስ የጻፈ ማንም የለም። ወረቀቱ ግን እስከ ጠርዙ ሞልቷል፤ በልዩ ልዩ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ፣ በጥቁር፣ አንዱ በእርሳስ፤ እኔም፣ እኔም፣ እኔም ይላል። አንዱማ ቦታ አጥቶ ግድግዳው ላይ ጽፏል። ስልኬን አወጣሁና ፎቶ አንሥቼ ለጓደኛዬ ላክሁላት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ፎቶው ከባድ ስለነበር ሮቢት እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወሰደ። እኔም ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ፤ ሰዉ ወደ ራት ሲሄድ እያለፈኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የሷ መልስ መጣ። አንዲት ቃል ናት።

"እኔም።"